የእሑድ ቁሌት፣ የሳምንት ወጥ፦ ለጥቅምትና ለኅዳር ብርድ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን አባባል ያመጣው ብርዱ ነው። ክረምቱ መስከረም 25 አብቅቶ መፀው ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ደመና በሌለበት ሌሊት ደግሞ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት የሚያስቀርላት የለም። አዲስ አበባ ላይ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ሹራብ ታስወልቃለች፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ግን ጋቢ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃንማ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። በዚህ ሰሞን ማታ ቤቱ የገባ ሰው የሚመኘው ከድስት የወጣ ትኩስ ወጥ ነው፤ ከሥራ ተመልሶ በሩብ ሰዓት የሚደርስ ወጥ ግን የለም።

ወጥ የሚያዘገየው ሥጋው ወይም ምስሩ አይደለም። ቁሌቱ ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት አንድ ትልቅ ቁሌት በዘይት ብቻ አቁላልቶ ማስቀመጥ የሳምንቱን ማታዎች ሁሉ ያቀልላል። በዘይት ብቻ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅቤ ያልገባበት ቁሌት ረቡዕና ዓርብም፣ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላም ያገለግላል። የጽጌን ጾም የምትጾሙም እስከ ኅዳር 5 ድረስ ሥጋውን ትታችሁ በዚሁ ቁሌት መሄድ ትችላላችሁ። ፍስክ ሲሆን ቅቤው ማታውን ድስቱ ላይ ይጨመራል፤ ምንም አይቀርበትም። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ስለማይቀላቅሉ የሥጋ ወጣቸውን የሚሠሩት በዘይት ነው፤ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ ወጡ ይጣፍጣል።

እዚህ ያለው መጠን ከ4 እስከ 5 ሰው ላለበት ቤት ነው።

ከገበያ የሚመጣ

ቀይ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት 4 ራስ፣ ዝንጅብል አውራ ጣት የሚያህል 2 ቁራጭ፣ ዘይት ሁለት የውሃ ብርጭቆ ትንሽ ጎደል ያለ፣ በርበሬ 2 የቡና ሲኒ ሙሉ (የሚያቃጥል የሚወድ ቤት 3 ያድርገው)፣ የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ 2 ኪሎ፣ ምስር ክክ ግማሽ ኪሎ፣ የአተር ክክ ግማሽ ኪሎ፣ ድንችና ካሮት፣ ቃሪያ፣ እርድ፣ ንጥር ቅቤ፣ መከለሻ፣ ጨው።

ሽንኩርቱ ላይ አትቸኩሉ። ትናንሽ፣ ጠንካራ፣ ልጣጩ ደርቆ የሚንኮሻኮሸውን ምረጡ። አንገቱ የለሰለሰ ወይም መብቀል የጀመረ ሽንኩርት ውሃው ብዙ ነው፣ ቶሎም አይበስልም። ውጭ አገር ያላችሁ በከረጢት የሚሸጠውን ትልልቅ ቢጫ ሽንኩርት ብቻ ካገኛችሁ ይሠራል፤ ግን ስኳርነቱ ይበዛል፣ ውሃውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ማቁላላቱ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ጨምሩበት። ቀዩ ከተገኘ ቀዩ ይሻላል። ሻሎት የሚባለው ትንሹ ሽንኩርት ከአገር ቤቱ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ዋጋው ካላስደነገጣችሁ ግማሹን በእሱ አድርጉት።

ሥጋ ቤት ስትሄዱ «ለወጥ ነው» በሉ። ለጥብስ የሚሆነው ለስላሳና ቀይ ሥጋ ለወጥ አይሆንም፤ አንድ ሰዓት እሳት ላይ ሲቆይ ይደርቃል። የምትፈልጉት ጎድን፣ አንገት፣ ፍርምባና ቅልጥም ነው። ጅማትና አጥንት ያለበት ሥጋ ቀስ ብሎ ሲበስል ጅማቱ ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል። ወጡ ከንፈር ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርገው ይኸው ነው። ዋጋውም ረከስ ይላል።

እሑድ፦ ሁለት ድስት ጎን ለጎን

ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ጀምሩ። መጀመሪያ አጥንቱን ጣዱ፤ እሱ ብዙ አያስቸግርም፣ እናንተ ሽንኩርት ስትከትፉ ራሱን ችሎ ይበስላል።

2 ኪሎውን የበግ ሥጋ በቀዝቃዛ ውሃ ድስት ውስጥ ክተቱት፤ ውሃው ሥጋውን ሸፍኖ አራት ጣት ያህል ይለፍ። ሲፈላ ላዩ ላይ የሚወጣውን አረፋ በጭልፋ እየገፈፋችሁ ድፉት። አረፋው ሲያልቅ እሳቱን ቀንሱ፤ ከዚህ በኋላ ውሃው መንቀጥቀጥ እንጂ መንፈቅፈቅ የለበትም፤ ኃይለኛ እሳት መረቁን ያደፈርሰዋል። አንድ ሽንኩርት ለሁለት ከፍላችሁ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብልና የሻይ ማንኪያ ጫፍ እርድ ጨምሩ። ጨው ገና ነው።

አሁን ወደ ቁሌቱ።

1. ሽንኩርቱን በደቃቁ ክተፉ። በኤሌክትሪክ መፍጫ የምትሠሩ እየቆራረጣችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አስነሡት። ሽንኩርቱ እንደ ጭማቂ ከቀጠነ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፤ ጥሬ ሽታውም ሁለት ሰዓት ብታቆላሉት አይለቀውም። በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ፈጭቶ ይሠራል፣ ልዩነቱ የሚታወቀው ሲቀመስ ነው።

2. ወፍራም ታች ባለው ሰፊ ድስት ያለ ዘይት ጣዱት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ሳይወጣ ዘይት ከገባ ጠርዝ ጠርዙ ይጠበስና መሐሉ ጥሬ ይቀራል። በማማሰያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጣችሁ አማስሉ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ዝም ብሎ ውሃ ይተፋል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ከዚያ ውሃው ይደርቃል፣ መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ድምፁም ይቀየራል። ከዚህ በኋላ ድስቱን ትቶ መሄድ የለም። ታች መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉና የያዘውን ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ከሽንኩርቱ ጋር ቀላቅሉት፤ ቀለሙም ጣዕሙም ያለው እዚያ ነው። ለ3 ኪሎ ይህ ሁሉ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

3. ሽንኩርቱ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ በማማሰያ ሲጫኑት ሲልም ዘይቱን ጨምሩ። 10 ደቂቃ አቁላሉትና የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስገቡ። ሌላ 10 ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርት ቶሎ ስለሚያርር ከቀዩ ጋር አብሮ አይጀመርም።

4. እዚህ ላይ ከቁሌቱ ሲሶውን ቀንሳችሁ በዕቃ አስቀምጡ። ይህ የአልጫው ነው። በርበሬ የነካው ማማሰያ እንዳይገባበት።

5. ለቀሪው በርበሬውን ጨምሩ። ከመጨመራችሁ በፊት እሳቱን አሳንሱ፣ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃም አጠገባችሁ ይኑር። በርበሬው ዘይት ላይ ሲያርፍ ወዲያው ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። ደረቁን ዘይት ላይ ከቆየ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ መድኃኒት የለውም፣ ስኳርም ቅቤም ምሬቱን አያጠፋውም። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በትንሽ እሳት፣ ውሃው ሲመጥ እየጨመራችሁ አብስሉት። ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ ሲሄድ፣ ዘይቱም ጎን ለጎን ቀይ ሆኖ ሲለይ ደርሷል። አፍንጫችሁም ይነግራችኋል፦ የጥሬ በርበሬ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣ የበሰለው አይዝም።

አሜሪካና አውሮፓ አፓርትመንት ውስጥ የምታቆላሉ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ ጃኬቶቻችሁንም ከሳሎኑ አንሡ። የጢስ ማስጠንቀቂያው ሳይጮህ በፊት መስኮቱን መክፈት ነው። ጎረቤት ቢያንኳኳም አብዛኛውን ጊዜ ምን እየተሠራ እንደሆነ ሊጠይቅ እንጂ ሊቆጣ አይደለም።

ቀዩን ቁሌት ለሁለት ዕቃ ከፍላችሁ አቀዝቅዙ። ጨው አታድርጉበት፤ እያንዳንዱ ወጥ የየራሱን ጨው ማታው ላይ ያገኛል። ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ቀን፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እስከ 3 ወር ይቆያል። ለጾሙ የምታስቡ ከሆነ ከኅዳር 15 በፊት ድርብ አቁላልታችሁ በትናንሽ ከረጢት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ጠፍጣፋው ቶሎ ይቀልጣል።

የእሑድ ራት፦ ቅቅል

አጥንቱ አንድ ሰዓት ያህል ሲበስል፣ ቁሌቱ ገና እሳት ላይ እያለ፣ ከሥጋው ግማሹን፣ በተለይ ሥጋ ያለበትን፣ አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ማክሰኞ ወጥ ይሆናል። ከመረቁም አንድ ሊትር ያህል ቀድታችሁ ለብቻ አኑሩ። ይህን ከጨው በፊት አድርጉት። ጨው የገባበት መረቅ ወጥ ላይ ሲመጥ ጨዋማ ይሆናል፣ ያኔ መመለሻ የለውም።

ድስቱ ውስጥ የቀረው ሌላ 40 ደቂቃ ይብሰል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው፤ ከፍታው ስለሆነ። ስለዚህ ከባሕር ወለል አቅራቢያ በሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት እኛ ጋ አይሠራም፣ ሥጋውም ክኩም ይዘገያል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። ነገር ግን አረፋውን ሳይገፍፍ ክዳኑን እንዳይዘጋ።

ሥጋው ከአጥንቱ መለያየት ሲጀምር ድንችና ካሮት በትልልቁ ቆርጣችሁ ጨምሩ፣ 20 ደቂቃ። ጨው። በመጨረሻ የተሰነጠቀ ቃሪያ 5 ደቂቃ። እንጀራ በጎድጓዳ ሳህን ቆራርሳችሁ መረቁን ከላይ አፍስሱበትና ፍትፍት አድርጋችሁ ብሉት። ቅልጥሙ ላይ የሚጣላ ቤተሰብ ካለ ሁለት አስመጡ።

ማክሰኞ ማታ፦ የበግ ቀይ ወጥ

ከበር እስከ ገበታ አንድ ሰዓት ያህል ነው። አንዱን የቀይ ቁሌት ዕቃ ድስት ውስጥ በትንሽ እሳት አሙቁት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምሩና ቅቤው ቀልጦ እስኪሸት ጠብቁ። ያስቀመጣችሁትን ሥጋ አስገቡ፣ ቁሌቱ እንዲለብሰው 5 ደቂቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉ። ከዚያ ያስቀመጣችሁትን መረቅ አሙቃችሁ በጭልፋ ጨምሩ። አንዴ ሁሉንም አትድፉ፤ ሁለት ጭልፋ፣ ሲመጥ ሌላ ሁለት። ሙቅ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የፈላ ወጥ ላይ ከገባ ቅቤውን ያረጋዋል፣ ሥጋውንም ያጠነክረዋል ይላሉ እናቶች። ቢያንስ መፍላቱን እንደሚያቋርጠው እርግጥ ነው።

ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ለ30 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨውን በዚህ ሰዓት ቅመሱና አስተካክሉ። ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ ነስንሱበት፤ ኮረሪማ ብቻ ካላችሁም ትንሽ የተፈጨ ኮረሪማ ይበቃል። መከለሻ ቀድሞ ከገባ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል፣ የሚቀረው ምሬቱ ነው። ከእሳት አውርዳችሁ 10 ደቂቃ ይረፍ። በዚህ ጊዜ ቅቤው ወደ ላይ ይወጣል፣ መረቁም ይወፍራል።

ወጥ ቀጠነ ብላችሁ ዱቄት አትጨምሩ። ክዳኑን ከፍታችሁ እሳቱን ትንሽ ጨምሩ፣ ራሱ ይወፍራል። ጨው በዛ ብላችሁም ድንች አትክተቱ፤ ድንቹ ጨዋማውን መረቅ ይመጥጣል እንጂ ጨውን ለይቶ አያወጣም። ጨው ያልነካው ቁሌት ስላላችሁ ከእሱ ሁለት ማንኪያና ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ በዚያ ይስተካከላል።

ዶሮ ወጥን እዚህ ውስጥ አላስገባሁትም። የዶሮ ቁሌት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል፣ አበላለቱና አጠባው ደግሞ የራሱ ሥራ ነው። ለማክሰኞ ማታ የሚሆን ምግብ አይደለም።

ረቡዕ፦ ምስር

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የምስር ክኩን ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ከሁለተኛው የቀይ ቁሌት ዕቃ ሁለት ሦስተኛውን አሙቁ፣ ሁለት ብርጭቆ ምስር ጨምሩና ዘይቱ እንዲነካው አማስሉ፣ አምስት ብርጭቆ የፈላ ውሃ አፍስሱ። 25 ደቂቃ በትንሽ እሳት፣ ታች እንዳይዝ እያማሰላችሁ። ምስሩ ፈርሶ ግን ገና ፍሬው ሲታይ ይውረድ። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን አድርጋችሁ አውርዱት። የምትጾሙ ከሆነ ማክሰኞ ቅቤ የነካው ማማሰያና ድስት መታጠቡን አትርሱ፤ እሑድ የለየነው ቁሌት ንጹሕ ነው፣ ዕቃው ግን ሊያሳስት ይችላል።

ዓርብ፦ ክክ አልጫ

ክኩን ጠዋት ከቤት ስትወጡ በውሃ ዘፍዝፉት። ማታ ውሃውን ለውጣችሁ ያለ ጨው ለብቻ ቀቅሉት፤ የተዘፈዘፈ ክክ አዲስ አበባ ላይ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ እንደ ክኩ ዕድሜም ይለያያል። ያረጀ ክክ ሲለምኑትም አይበስልም። ለስልሶ በጣት ሲጫኑት ሲፈርስ፣ ለአልጫ የለያችሁትን ቁሌት በሌላ ድስት አሙቃችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩበትና አንድ ደቂቃ አማስሉ። እርድም ጥሬው ይሸታል፣ ዘይት ሳይነካው አይጣፍጥም። ክኩን ከነትንሽ ውሃው ገልብጡበት፣ 15 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ጨው፣ ጥቂት ዝንጅብል፣ በመጨረሻ ቃሪያ። ቃሪያው መብሰል የለበትም፤ ክዳኑ ውስጥ በእንፋሎት ይለስልስ፣ ያ ይበቃዋል።

ሐሙስ ፍሪጅ ውስጥ የተረፈ የሥጋ ወጥ ካለ ሌላ ነገር አትሥሩ፤ ያደረ ወጥ ከትኩሱ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ስታሞቁት ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ እስኪፈላ አሙቁት፤ ለብ ብሎ አይበላም። የምትበሉትን ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ፣ ድስቱን በሙሉ በየማታው አታፍሉት።

የቀረችው የቀይ ቁሌት ሲሶ ለሽሮ ናት። ሦስት ብርጭቆ ተኩል ውሃ አፍልታችሁ ቁሌቷን ጨምሩ፣ አንድ ብርጭቆ ነጭ ሽሮ እየበተናችሁ አማስሉ፤ እንዳይጓጉል እጃችሁ ቶሎ ቶሎ ይበል። ምጥን ሽሮ ከሆነ ውስጡ በርበሬም ቅመምም ስላለው የቁሌቷን ግማሽ ብቻ አድርጉ። 20 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ቶሎ የወረደ ሽሮ የዱቄት ጣዕም አለው፣ ሆድም ይነፋል። የሸክላ ድስት ካላችሁ በእሱ ሥሩት፣ ከእሳት ወርዶም ገበታ ላይ መንተክተኩን አያቆምም።